ስለ ግብር፣ ስለ ማኅበራዊ ድጋፍና ስለ ሠራተኛ መብት መንግሥትን በተወካይ በኩል መጠየቅ፦ በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻና አቤቱታ ስጽፍ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። የባለጉዳዩ ዓይነት ይለያያል፤ የሆቴል አስተናጋጅ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ የመጣች እናት አለች። የብዙዎቹ የመጨረሻ ቃል ግን አንድ ነው፦ «ይህን ለተወካያችን ጻፍልኝና ምክር ቤት ላይ ያንሣው»። ልመናው ተገቢ ነው። ሆኖም ለየትኛው ምክር ቤት፣ ስለ የትኛው ሕግ፣ በየትኛው ወር እንደሚጻፍ ተለይቶ ስለማይታወቅ እውነተኛ በደል የያዘ ወረቀት ሰሚ አጥቶ ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያ ጃንጥላ ሥር በብዛት የሚነሡት ናቸው።

የምክር ቤት አባል ሚኒስትርን የመጠየቅ ሥልጣን ከየት ያገኘዋል?

ከሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ እንዲወያይ፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛ ጠቅላላ ምርጫ ገዥው ፓርቲ ያገኘው ወንበር እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ይህ አንድ ሦስተኛ በተቃዋሚዎች ቁጥር ብቻ የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ ተቃዋሚ አባል ጉዳዩን ወደ ውይይት ለማድረስ ከገዥው ፓርቲ ወንበርም ተባባሪ ማግኘት ይኖርበታል።

አንቀጽ 54 አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑና ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከሌላ የምርጫ ክልል የመጣ አባል የባሕር ዳርን ሠራተኛ ጉዳይ ቢያነሣ የሚከለክለው ሕግ የለም ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ጥያቄዬን ለፌዴራሉ ተወካይ ልስጥ፣ ለክልሉ ወይስ ለከተማው?

አብዛኛው ወረቀት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 55 መሠረት የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ቅሬታዎ በሕጉ በራሱ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ብቻ መሆኑ ወይም የቤት ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውጭ መደረጋቸው ከሆነ የሚያስቆጣዎ፣ መጠየቅ ያለበት አዲስ አበባ የሚቀመጠው ተወካይ ነው። ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ አስፈጻሚው ካላስፈጸመው፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሐይቁ ዳር ወዳሉት ሆቴሎችና ወደ ግንባታ ቦታዎች ጎራ ካላለ ደግሞ ጉዳዩ ከክልሉ ቢሮዎች ጋር ስለሚያያዝ የሚጠየቀው እዚሁ ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት አባል ነው። የክልል መንግሥት ሠራተኞች ነገር ከሁለቱም ይለያል። የእነርሱን የሥራ ሁኔታ የሚወስነው በአንቀጽ 52 መሠረት ክልሉ የሚያወጣው ሕግ ስለሆነ የጤና ጣቢያ ነርስን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ በአዋጅ 1156 ተከራክሮ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከመነሻው ስህተት ነው።

ግብሩም እንዲሁ ተከፋፍሏል። አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ። አንደኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር በአንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ነው። ሁለተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የእርሷ ግብር በአንቀጽ 97 መሠረት ለክልሉ ይገባል። በሆቴል የምትሠራው እህቷ የምትከፍለውም የሥራ ግብር እንደዚሁ የክልሉ ነው። ስለ ሐይቁ ከተነሣ አንቀጽ 97 በክልሉ ግዛት ውስጥ በሚገኝ የውኃ ላይ ትራንስፖርት ከሚገኝ ገቢ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣንን ለይቶ ለክልል ሰጥቷል። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባ ባለቤቶች የገቢ ግብር ቅሬታቸውን ይዘው ለፌዴራሉ ገቢዎች ሚኒስትር ጥያቄ እንዲቀርብላቸው ሲማጸኑ የምሰማው ይህን ባለማወቅ ነው።

የገበያ ቦታ ኪራይና የቆሻሻ ማንሻ ክፍያን የመሰለው ነገር በጠቅላላው የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። እዚያ ቢጀመር ይሻላል።

በፌዴራል ደረጃ የሚጠየቀው የትኛው ሚኒስቴር ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የቀድሞው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዷል። የግብር ፖሊሲ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ አሰባሰቡ የገቢዎች ሚኒስቴር ነው። «ይህ የእኛን መሥሪያ ቤት አይመለከትም» የሚለው መልስ ለባለሥልጣን እጅግ ምቹ ስለሆነ ይህን ዕድል ባይሰጡት ይመረጣል።

ጥያቄው በየትኛው ወር ቢደርስ ይጠቅማል?

ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን ዓመቱን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በመክፈቻው ዕለት ርዕሰ ብሔሩ የመንግሥትን የዓመቱን ዕቅድ በንግግር ያቀርባሉ፤ ያን ተከትሎም አባላቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይጠይቃሉ። በዓመቱ ውስጥ ሚኒስትሮች የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ይዘው በምክር ቤቱና በቋሚ ኮሚቴዎች ፊት ይቀርባሉ። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በጀት አለ።

እንደ እኔ አስተያየት ለጡረተኛና ለድሃ ቤተሰብ ጉዳይ ከሁሉም የሚሻለው የግንቦትና የሰኔ ወቅት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚገኙበትን ስብሰባ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ስለሚያየው ሰው ሁሉ ጥያቄውን ለዚያ ቀን ያከማቻል። በዚያ ቀን ግን ጦርነቱም፣ ዲፕሎማሲውም፣ የኑሮ ውድነቱም ባንድ ላይ ይነሣሉ፤ የአንዲት የልብስ ሰፊ ጡረታ በዚያ መሀል አይታይም። በቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ ግን ካሜራው ጥቂት ቢሆንም ሚኒስትር ዴኤታውና የዳይሬክቶሬቱ ኃላፊ ሰነድ ይዘው ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ቁጥር ጠይቆ ቁጥር ማግኘት ይቻላል።

ስለ ደመወዝ ግብር ምን ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ያስገኛል?

አስቀድሞ ሕጉ ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ይህን ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ የሚጣለው ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ሆኖ ቀጥሏል።

በወር 5,000 ብር የሚከፈላትን አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ እንውሰድ። በቀድሞው ስሌት ይቆረጥባት የነበረው የሥራ ግብር 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። በአዲሱ ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር፣ የቀረው 1,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ፣ ማለትም 200 ብር ይከፈልበታል። ጠቅላላ ግብሩ 500 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ሲቀነስ እጇ ላይ የሚደርሰው 4,150 ብር ነው። ቅነሳው 197 ብር ከ50 ሳንቲም አትርፎላታል።

እንግዲህ ተወካዩ ተነሥቶ «ግብር በዛ» ቢል ሚኒስትሩ ይህንኑ ቅነሳ ጠቅሶ ይቀመጣል፤ እውነቱንም ነው። ጠንካራው ጥያቄ ሌላ ነው። የ600 ብሩ ወለል ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ሳይነካ ቆይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የዳቦም፣ የቤት ኪራይም፣ የትራንስፖርትም ዋጋ የት እንደደረሰ ማንም ያውቃል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥም ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል። ታዲያ የ2,000 ብሩ ወለል ሌላ ዘጠኝ ዓመት እንዳይቆም የሚያደርግ፣ በየስንት ጊዜው ከዋጋ ንረቱ ጋር ተገናዝቦ እንዲከለስ የሚያስገድድ ድንጋጌ ለምን አልገባም? ይህ ጥያቄ በቅነሳው ምስጋና የሚታለፍ አይደለም።

ሱቄ ላይ የተጣለው ግብር ተጋኗል። ተወካዬ ሊያስቀንስልኝ ይችላል?

አይችልም፤ ቢሞክርም መልካም አይሆንም። የአንድ ግብር ከፋይ ስሌት የሚታረመው በአቤቱታ ሥርዓት ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔን የሚቃወም ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን ለራሱ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ አለ። ክልሉም ለግብር ከፋዮቹ የራሱ የቅሬታ ሥርዓት አለው፤ ቀነ ገደቡን ውሳኔው በደረሰዎ ዕለት ጠይቀው ይያዙ። ተወካይ ሊጠይቅ የሚችለው የቀን ገቢ ግምቱ በምን ዘዴ እንደተሠራ፣ በአንድ መንደር ያሉ ተመሳሳይ ሱቆች ለምን በሰፊው እንደተለያዩ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውስ ስንት አቤቱታ ተቀብሎ ስንቱን እንዳረመ ነው።

ደመወዜና የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ተከልክሏል፤ ተወካዩ መልስ እስኪያመጣ ብጠብቅስ?

አይጠብቁ። ይህን የምለው ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው።

ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት በየካቲት ወር መጣች። ከመስከረም ጀምሮ ለአምስት ወራት የሠራችው ትርፍ ሰዓት አልተከፈላትም። የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ መዝግባ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ ዘይት ጠጥቷል። ደመወዟ 3,000 ብር ነበር። በወር 26 የሥራ ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብለን 208 ሰዓት ብናካፍል የአንድ ሰዓቷ ዋጋ 14 ብር ከ42 ሳንቲም ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በወር 40 ሰዓት በቀን ብቻ ሠርታ ቢሆን እንኳ የሚደርሳት 865 ብር ገደማ ነበር፤ ለእርሷ ትልቅ ገንዘብ ነው።

እኔም ተቆጥቼ ሁለት ገጽ አቤቱታ ለተወካይ ጻፍኩላት። ደብዳቤው ደረሰ፤ ጉዳዩም ከሌሎች ተመሳሳይ ጉዳዮች ጋር ተነሣ፤ ባለሥልጣኑም በሆቴሎች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር እንደሚጠናከር ተናገሩ። በሰኔ መጨረሻ ተመልሳ መጣች። በአዋጁ መሠረት ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች መጠየቅ ከሚገባቸው ጊዜ አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቁ ይርጋ ይዘጋቸዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ገንዘቧ እኔ ባስጠበቅኋት ወራት ውስጥ ቀልጦ ቀረ። ደብተሩን እንደገና እያገላበጠች «ታዲያ ይሄኛው ገጽስ?» ያለችኝ አሁንም አይረሳኝም።

የተወካይ ጥያቄ ይርጋን አያቋርጥም። ይርጋን የሚያቋርጠው የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ክስ ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ከሆነ ያለው ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ተወካይ። በተወካዩ ደብዳቤ ላይም አቤቱታው የት፣ በምን ቀን እንደቀረበ ቢጻፍ ጥያቄው ክብደት ያገኛል።

የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጉዳይ ለምን በየዓመቱ ይነሣል?

ለግል ዘርፍ ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ወለል ስለሌለ ነው። አዋጅ 1156/2011 መንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ኢሠማኮ፣ ይህ እንዲፈጸም ደጋግሞ ጠይቋል። እዚህ ላይ «ደመወዝ ይጨመር» የሚለው ጥያቄ ደካማ ነው፤ በአሠሪና በሠራተኛ ስምምነት የሚወሰን ነው ተብሎ በቀላሉ ይመለሳልና። «ምክር ቤቱ በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ መሠረት ቦርዱን የሚመለከተው ሥራ ምን ደረጃ ላይ ነው፣ ቀኑስ መቼ ነው?» ማለት ግን ምክር ቤቱ የራሱን ሕግ አፈጻጸም መጠየቁ ስለሆነ ለማለፍ ይከብዳል።

አሠሪዬ የጡረታ መዋጮ ይቆርጣል፣ ግን ገቢ አያደርግም። ይህ የምክር ቤት ጉዳይ ነው?

የእርስዎ መዝገብ በቅድሚያ የጡረታ አስተዳደሩ ጉዳይ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ መግባት አለበት። የደመወዝ ወረቀትዎን በየወሩ ያስቀምጡ፤ ተቆርጦ ገቢ ያልሆነ ገንዘብ ማስረጃው እርሱ ነው። ለምክር ቤት የሚሆነው የጉዳዩ ስፋት ነው፦ በክልሉ ስንት ድርጅቶች ውዝፍ አለባቸው፣ ምን ያህሉስ ተሰበሰበ?

እዚህ ላይ በታንኳ የሚያሰግር የጣና ዓሣ አስጋሪን ሳላነሣ አላልፍም። ደንገል አስሮ በሌሊት ሐይቁ ላይ የሚወጣ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ የሚሠራ ሰው ነው። አሠሪ ስለሌለው ግን በአዋጁ ትርጉም «ሠራተኛ» አይባልም፤ 11 በመቶ የሚያዋጣለትም የለም። ሲያረጅ ልጆቹ ናቸው ጡረታው። ተወካዮች ስለ ሠራተኛ መብት ሲናገሩ ከደመወዝ ውጭ የሚኖረውን ይህን ሰው የሚያነሡት ከስንት አንዴ ነው።

ስለ ማኅበራዊ ድጋፍ ለመጠየቅ የሕግ መሠረት አለ ወይስ የምጽዋት ጉዳይ ነው?

የሕግ መሠረት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም የአካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። አንቀጽ 90 ማኅበራዊ ዋስትናን ከፖሊሲ ዓላማዎች ተርታ አስቀምጦታል።

ባለሥልጣናት የሚይዙት «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ሐረግ ነው። ተወካዩ መያዝ ያለበት «እየጨመረ የሚሄድ» የሚለውን ነው። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው ሲባል ያስደንቃል። ዳሩ ግን በብር ያደገ መደብ በገበያ ዋጋ ሲሰላ ሊቀንስ ይችላልና ጥያቄው «ለድጋፍ የተመደበው ገንዘብ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እህል ይገዛል፣ አምናስ ስንት ይገዛ ነበር?» ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል።

በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር አለ፤ ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በከተማ ይኸው መርሐ ግብር በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ በኋላ ሰፍቷል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ነው፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት እንዲሸፍን ተደርጎ የተሠራ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው አቤቱታ በአብዛኛው የእነዚህን መርሐ ግብሮች መኖር የሚቃወም አይደለም፤ ስለ ዝርዝሩ ነው። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ በማን ፊርማ? ካርድ ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰውም ብዙ ነው። የዝርዝሩ ነገር በቀበሌና በወረዳ የሚያልቅ ነው። መድኃኒቱ ለምን እንደማይኖር ግን እስከ ፌዴራል የሚዘልቅ ጥያቄ ነው።

ለተወካይ የሚጻፍ ደብዳቤ ምን ይመስላል?

አንድ ገጽ ይበቃል። «ክቡር ሆይ፣ እንደሚታወቀው» ብሎ ግማሽ ገጽ መጨረስ የቆየ ልማዳችን ነው፤ እኔም ለዓመታት ጽፌዋለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ። የሚጠቅመው ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ፣ የት አመልክተው ምን እንደተባሉ፣ በመጨረሻም ተወካዩ ቃል በቃል ሊያነበው የሚችለው አንድ ጥያቄ ነው። አሥር ሆነው ከፈረሙበት ይበልጥ ይሰማል፤ በነገራችን ላይ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋምም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። ማስረጃ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚፈልጉ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ይጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ባለሥልጣኑ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ቢመልስስ?

ይህ መልስ፣ ከ«ትኩረት ተሰጥቶታል» እና ከ«በጥናት ላይ ነን» ጋር፣ በአዳራሹ ውስጥ ከሚሰሙት ሁሉ የሚበዛው ነው። ጉዳዩን ይዘው ለሚከታተሉ ሰዎች የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ የተባለውን ቃል ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡና ከስድስት ወር በኋላ ለተወካዩ መልሰው ይላኩለት። ተወካዩ «ባለፈው ጥር በዚሁ ምክር ቤት እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ ሲጀምር ሚኒስትሩ ያንኑ መልስ መድገም ያሳፍረዋል። የዋና ኦዲተር ሪፖርትም ለዚህ ይረዳል፤ በዚያ የተመዘገበ የበጀት ጉድለት በባለሥልጣን ቃል ብቻ አይስተባበልም።

ተወካዩ በመጠየቁ ሊከሰስ ይችላል?

በሕጉ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ ስብሰባ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰስ፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከላከላል። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጊዜው የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለና የአማራ ክልል ምክር ቤት አባል የነበሩት አቶ ዮሐንስ ቧያለው መታሰራቸውን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ጃንጥላዬ ሥር ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንቀጹን ከማንበብ በቀር የምጨምረው የለኝም።

ተወካዬን የት አገኘዋለሁ?

በምክር ቤቱ ዕረፍት ወራት፣ በተለይ በክረምት፣ አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ መጥተው የመራጭና ተመራጭ ውይይት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ እንደ ቀድሞው አይደለም። በአካል ካላገኙት በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። የአስተዳደር በደል ከሆነ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለውን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምንም ማመልከት ይቻላል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለማያስቀምጥ እኔ ራሴ ከጃንጥላው ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ እሸሻለሁ፤ ወረቀታችሁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ኑ።